ፊልሙ በየት በኩል ነው የሚሄደው? ከስልክ ወደ ቲቪና ፕሌይስቴሽን ያለ ገመድ ስለማስተላለፍ

(በደብረ ብርሃን ለስልክና ለቲቪ ጠጋኞች፣ ለፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶችና ለሌሎች ታዳሚዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ብርድ ሰዓታችሁን አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዕቃ አለ፦ ባለ 43 ኢንች ቲቪ፣ አንድ አንድሮይድ ስልክና አንድ ራውተር። ቲቪው ላይ የምታዩት ፊልም የተጫነው ስልኩ ላይ ነው። አሁን ከራውተሩ ጀርባ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ገመድ እነቅላለሁ። ይኸው፣ የኢንተርኔቱ መብራት ቀይ ሆነ። ፊልሙን ተመልከቱት፤ አልቆመም፣ አልተቆራረጠም።

ይህን ያስቀደምኩት ለብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ስለሆኑበት ነው። ዋይፋይ የግቢው ውስጥ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከበር ውጭ ያለው አስፋልት። ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመሻገር የአዲስ አበባን መንገድ የሚይዝ የለም። ሆኖም ስልኩ ላይ ያለውን ፊልም በቲቪ ለማየት ፓኬጅ የሚገዛ ሰው አለ። በተቃራኒው ደግሞ «ከገዛ ስልኬ የምልከው ምን ያስከፍለኛል?» ብሎ ዩቲዩብ በቲቪ ሲያይ አምሽቶ፣ ጠዋት ጊጋባይቱ ማለቁን ሲያይ የሚደነግጥ አለ። ሁለቱም የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉ በየት በኩል እንደሚሄድ አላወቁም። «ቲቪው አይታየኝም»፣ «ድምፅ የለውም»፣ «ይቆራረጣል» እየተባለ ወደ ሱቃችሁ የሚመጣው ቅሬታም አብዛኛው የሚፈታው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ በመጠየቅ ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የስልኩን ስክሪን እንዳለ ቲቪው ላይ ማሳየት ነው። ሳምሰንግ «ስማርት ቪው» ይለዋል፤ ሌሎቹ «ስክሪን ካስት»፣ «ዋየርለስ ፕሮጀክሽን» ወይም በደፈናው «ካስት» ይሉታል። ከጀርባው ያለው አሠራር ሚራካስት ይባላል፤ ዋይፋይ አሊያንስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ነው። ስልኩና ቲቪው በዋይፋይ ዳይሬክት እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ራውተርም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ኤች 264 በሚባለው አሠራር እንደ አዲስ እያመቀ ይልካል። ጣጣው ያለው «እንደ አዲስ» የሚለው ላይ ነው። ፊልሙ ከመነሻው የታመቀ ሆኖ ሳለ ስልኩ ይፈታዋል፣ ስክሪኑ ላይ ያሳየዋል፣ መልሶ ያምቀዋል። ስለዚህ ይግላል፤ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ የስልኩ ስክሪን ሲጠፋም ስርጭቱ ይቆማል። ስልክ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ምስሉ ይንገጫገጫል። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር ግማሽ ሰዓት ያልዘለቀ ስልክ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ ፊልም ሊጨርስ ይችላል። ብርዳችን ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመን። ለማንኛውም ከረጅም ፊልም በፊት የስልኩን ሽፋን አውልቁ፤ ቻርጅ እያደረጋችሁ አታሰራጩ።

ሌላም ጣጣ አለው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣ ሁሉ ቲቪው ላይ ይመጣል። የሰርግ ቪዲዮ ለዘመድ እያሳያችሁ የቴሌብር መልእክት ከነቀሪ ሂሳቡ ሳሎን መሃል ሊወጣ ይችላል። «አትረብሹኝ» የሚለውን ከማስጀመራችሁ በፊት አብሩ። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ ቅጂ የሚከለክሉ አፖችም በዚህ መንገድ ሲላኩ ብዙ ጊዜ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ ምስሉ ጥቁር ነው። ያ ብልሽት አይደለም፣ ሆነ ተብሎ የተዘጋ ነው፤ ደንበኛን በከንቱ አታስከፍሉ። አይፎን ደግሞ ሚራካስት የለውም። የራሱ ኤርፕሌይ አለው፤ የሚሠራውም ኤርፕሌይ ባለው ቲቪ ወይም መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። አይፎን ይዞ የመጣን ሰው «ስማርት ቪው ፈልግ» ማለት ማድከም ነው። የጎግል ፒክስል ስልኮችም ካስት እንጂ ሚራካስት የላቸውም።

ሁለተኛው መንገድ ጎግል ካስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ክሮምካስት ከሚባለው ትንሽ መሣሪያ ጋር የመጣ ሲሆን አሁን በብዙ አንድሮይድ ቲቪዎች ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ዩቲዩብ ላይ ጥጓ ላይ ሦስት ቅስት ያላትን የቲቪ ምልክት ስትነኩ ስልኩ ቪዲዮውን አይልክም። የሚልከው አድራሻውን ነው። ቲቪው ራሱ በራውተሩ በኩል ወጥቶ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ስልኩ ከዚያ ወዲያ ሪሞት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ቪዲዮው ከጀመረ በኋላ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉት፤ ቲቪው ይቀጥላል።

ፓኬጅ የሚበላው ይህ ነው። ሂሳቡን እንሥራው፦ ቪዲዮው በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ቢወስድ፣ በሰዓት 3,600 ሰከንድ ስላለ 9,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 1,125 ሜጋባይት። ከአንድ ጊጋባይት በላይ በአንድ ሰዓት ማለት ነው። ስልኩ ላይ በ360 የምስል ጥራት ሲያይ የለመደ ሰው ቲቪው በራሱ 1080 ይመርጥለትና ሂሳቡ በብዙ እጥፍ ይንራል። ዩቲዩብን ቲቪው ላይ ከፍታችሁ በሪሞቱ የጥራት ምርጫው ውስጥ ገብታችሁ 480 ላይ አድርጉት፤ የስልኩን ምርጫ ቲቪው አይከተልም።

ክሮምካስት በየጊዜው እየጠፋ ይበራል የሚል ደንበኛ ከመጣ መጀመሪያ ኃይል የሚያገኘው ከየት እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎች በቲቪው ዩኤስቢ ላይ ይሰኩታል። ተራ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ መሣሪያው የሚፈልገው 5 ቮልት ላይ 1 አምፔር። ደህና የቻርጀር ራስ ላይ ስኩት፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥገና አይፈልግም።

ሦስተኛውን መንገድ ነው መጀመሪያ ያሳየኋችሁ። ስሙ ዲኤልኤንኤ ነው። ሶኒና ኢንቴል የነበሩበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ሲሆን ማኅበሩ በ2017 ሥራውን አቁሟል፤ አሠራሩ ግን በስማርት ቲቪዎችና በአንዳንድ የዲሽ ሪሲቨሮች ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። እዚህ ስልኩ ፋይሉን ሳይነካ እንዳለ ይልካል፤ የሚፈታው ቲቪው ነው። ስልኩ ስለማይደክም አይግልም፣ ስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል፣ ኢንተርኔትም የለበትም። ለእኛ አካባቢ ከሦስቱ የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሁሉ የተረሳውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ስልኮች ላይ ተሠርቶ የሚመጣ ቁልፍ ስለሌለው አፕ መጫን ይጠይቃል።

አደራረጉን እዩ። ስልኩ ላይ ባብል ዩፒኤንፒ የሚባለውን አፕ ጭኛለሁ። ስልኩንም ቲቪውንም አንድ ራውተር ላይ አገናኘሁ። አፑን ከፍቼ ሁለት ነገር እመርጣለሁ፦ ፋይሉ ከየት ይምጣ ሲለኝ «ይህ ስልክ»፣ የት ይጫወት ሲለኝ የቲቪውን ስም። ፊልሙን ስነካ ቲቪው ላይ «ይህ መሣሪያ እንዲገናኝ ትፈቅዳለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ በሪሞቱ «አላው» እላለሁ። አንድ ጊዜ በስህተት «ዲናይ» ከተባለ ቲቪው ያንን ስልክ ለዘለቄታው ይዘጋበታል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው አፑን አሥር ጊዜ ቢያጠፋና ቢጭን ለውጥ የለም። ሳምሰንግ ላይ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ኤክስተርናል ዲቫይስ ማናጀር»፣ ከዚያ «ዲቫይስ ኮኔክሽን ማናጀር» ገብታችሁ ከዝርዝሩ ስልኩን አግኝታችሁ ክፈቱለት።

ራውተር የሌለበት ቤትስ? መንዝ ውስጥ፣ አንኮበር ውስጥ የቤት መስመር የሌለው ሰው ብዙ ነው። የስልኩን ሆትስፖት አብሩና ቲቪውን እሱ ላይ አገናኙት፤ የሞባይል ዳታውን ግን አጥፉ። ቲቪው «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እሱን እለፉት፣ ዲኤልኤንኤ ይሠራል። ዳታውን ማጥፋት የግድ ነው፤ ካልጠፋ ስማርት ቲቪ ያገኘውን ኢንተርኔት ተጠቅሞ ሶፍትዌሩን ለማደስ ይነሳና ማንም ሳይነካው ፓኬጁን ይጨርሰዋል። ለጥንቃቄ የቲቪውን አውቶ አፕዴት አጥፉት። አይፎን ሆትስፖት ለመሆን ዳታው እንዲበራ ስለሚያስገድድ ለዚህ ሥራ አይመችም። ካስትን በሆትስፖት ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሆትስፖቱን በሌላ ስልክ አብሩ፤ ሆትስፖት የሆነው ስልክ ራሱ ካስት ሊያደርግ ሲሞክር ብዙ ጊዜ ክሮምካስቱን አያገኘውም።

ሆትስፖት ላይ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ሰው ያንገላታሉ። ቆየት ያለ ቲቪ የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ስለሆነ ስልኩ 5 ላይ ከሆነ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አይወጣም። የይለፍ ቃሉ ጥበቃ ደብሊውፒኤ 3 ከሆነም እንደዚሁ፤ ወደ 2 መልሱት። ሦስተኛው ስሙ ነው። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት ማለፍ አይችልም፤ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም፣ የገባውም ቲቪው ላይ ተዘበራርቆ ሊወጣ ይችላል። በላቲን ፊደል አጭር ስም ስጡት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ ልምጣ፦ «ቲቪው አይታየኝም»።

ስልኩ ቲቪውን የሚያገኘው በጥሪ ነው። በዲኤልኤንኤ 239.255.255.250 ወደሚባል የጋራ አድራሻ፣ በ1900 ቁጥር በር «ማን አለ?» ብሎ ይጣራል፤ መረቡ ላይ ያለ ቲቪ ሁሉ ይሰማና «አለሁ» ይላል። ካስትም ተመሳሳይ ጥሪ በ5353 ያደርጋል። ልክ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ማለት ነው፤ ቤት ለቤት አያንኳኳም፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ ቲቪው ካልታየ ጥያቄው «ጡሩምባው የት ላይ ተዘጋ?» ነው።

መጀመሪያ ሁለቱ አንድ ሰፈር መሆናቸውን እዩ። በስልኩና በቲቪው የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ የአይፒ አድራሻቸውን አወዳድሩ። ስልኩ 192.168.1.12 ቲቪው 192.168.1.20 ከሆነ መልካም። ስልኩ 192.168.1፣ ቲቪው 192.168.0 ከሆነ ግን በአብዛኛው በሁለት የተለያዩ ራውተሮች ላይ ናቸው፤ ጥሪው አይሻገርም። ሲግናል ለማራዘም ሁለተኛ ራውተር የተጨመረበት ካፌ ወይም ሆቴል ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ የሚያድለውን አሠራር፣ ማጥፋትና ገመዱን ከኢንተርኔት መግቢያው አውጥቶ ከተራዎቹ የላን በሮች በአንዱ መሰካት ነው። ዲኤችሲፒውን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን የሁለተኛውን ራውተር የራሱን አድራሻ ቀይሩት፤ ከዋናው ጋር አንድ ከሆነ ሁለቱም ይጋጫሉ።

አድራሻቸው አንድ ሰፈር ሆኖ ካልታየ ራውተሩ ውስጥ «ኤፒ አይሶሌሽን» ወይም «ክላየንት አይሶሌሽን» የሚል ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዩ። እሱ ሲበራ እያንዳንዱ ዕቃ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ጎረቤቱን ግን አያይም። «ጌስት» በሚለው የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነገራችሁ የበራ ነው።

ከዚያ ስልኩን ፈትሹ። ቪፒኤን ተከፍቶ ከሆነ ዝጉት። ቴሌግራምና ዩቲዩብ በተዘጉበት ወቅት ቪፒኤን ጭኖ ሳያጠፋው የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ብዙ ቪፒኤኖች የስልኩን ግንኙነት ሁሉ ወደ ውጭ አገር ስለሚወስዱት ሳሎን ያለው ቲቪ አይገኝም። ኢንተርኔቱ ደህና ስለሚሠራ ማንም እሱን አይጠረጥርም። ቀጥሎ ፈቃድ ነው፦ አንድሮይድ 13 እና ከዚያ ወዲህ ባለ ስልክ አፑ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የሚል ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ደግሞ አይፎን «ሎካል ኔትወርክ» የሚል ፈቃድ አለው። ደንበኛው ሳያነብ ከልክሎት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ በእኛ አገር ይመጣል። ቲቪው ዲኤልኤንኤ ያጫውታል፣ ዩቲዩብና ካስት ግን «ኢንተርኔት የለም» ወይም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ስልኩ ላይ ይሠራል። የቲቪውን ቀን እዩ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውት ከሆነ ቲቪው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው ያለው። የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቲቪው ገና ወደፊት የሚጀምር ወረቀት ስለሚመስለው አልቀበልም ይላል። መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋበት ቦታ ላይም ሰዓቱን የማይዝ ቲቪ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉ ወይም ከኔትወርክ እንዲወስድ «አውቶ» ላይ አድርጉት።

መብራት ካነሳሁ፣ ጠፍቶ ሲመጣ ቲቪው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና ዋይፋዩን ሳያገኝ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ቲቪውን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። ራውተሩ ለቲቪው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲሰጥ ማድረግም አፑ አሮጌ አድራሻ ይዞ እንዳይንከራተት ይረዳል።

ወደ መቆራረጥ እንሂድ። ከሱቅ የተጫነ 700 ሜጋባይት የሆነ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም በሰከንድ የሚፈልገው 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ተራው 2.4 ዋይፋይ በአንድ አንቴና እስከ 72 ሜጋቢት ይያያዛል፤ ትክክለኛው ፍሰት ግማሹ እንኳ ቢሆን ለዚህ ፊልም ይተርፋል። «ፊልሙ ደህና ይሄዳል፣ የሰርጉ ቪዲዮ ግን ይቆማል» የሚሉ ሰዎችን ግን አትጠራጠሩ፤ እውነታቸውን ነው። ስልክ በ1080 ሲቀርጽ በሰከንድ 17 ሜጋቢት አካባቢ ይጽፋል፣ በ4ኬ ሲቀርጽ ብዙዎቹ ከ40 ያልፋሉ። የአጎት ልጅ በስልክ የቀረጸው የሙሽሮች መግቢያ ከፊልሙ አርባ እጥፍ ሊከብድ ይችላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ስልኩም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ባይት አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ከስልክ ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ቲቪ። ሁለቱ ጉዞዎች አንድ ቻናል ስለሚጋሩ አቅሙ በግማሽ ይወርዳል። ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት ቲቪውን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ነው፤ አንዱ ጉዞ ከአየር ላይ ወረደ ማለት ነው። ሆትስፖቱ ራሱ ፊልሙን የያዘው ስልክ ሲሆንም ጉዞው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ሆትስፖት ከራውተር ይሻላል።

ግድግዳውን አትርሱ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የመንዝን ወፍራም የድንጋይ ቤት አይወጣውም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ተጠቀሙበት፣ በግድግዳ ማዶ ከሆነ 2.4 ይሻላል። ከድንጋይ የከፋው ቆርቆሮ ነው። ክፍል በቆርቆሮ የተከፈለበት ሱቅ ውስጥ ሲግናሉ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብረት ይመልሰዋል። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ መወሸቅም ያው ነው። ከፍ አድርጋችሁ ግልጽ ቦታ ላይ አስቀምጡት። በ2.4 ላይ ጎረቤት ከበዛ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ባዶ ወደሆነው ቀይሩ፤ በመካከል ያሉት ከሁለቱም ወገን ይረበሻሉ። የብሉቱዝ ስፒከርም በዚሁ 2.4 ላይ ስለሆነ አንዳንዴ እሱን ማጥፋት ብቻ ይበቃል።

ምስል አለ ድምፅ የለም ሲባል ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ንጹሕ ነው። በዲኤልኤንኤ የሚፈታው ቲቪው ነው ብያችኋለሁ፤ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባል ዓይነት ከታመቀ የማይፈቱ ቲቪዎች አሉ፣ ለምሳሌ ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ትቶታል። በተቃራኒው ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ ወይም ቲቪው «ፎርማቱ አይደገፍም» ካለ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ኤችኢቪሲ በሚባል አዲስ አሠራር ታምቆ ቲቪው የቆየ ነው። ሱቅ ላላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ ኤምፒ 4፣ ምስሉን ኤች 264፣ ድምፁን ኤኤሲ አድርጋችሁ ብትለውጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቲቪ ይቀበለዋል። የጎደለው ድምፁ ብቻ ከሆነ ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ ኤፍኤፍምፔግ በሚባለው ፕሮግራም መለወጥ ይቻላል፤ የሰዓታት ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። አይፎን ያለው ደንበኛ ደግሞ ከመቅረጹ በፊት በካሜራ ሴቲንግ «ፎርማትስ» ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጥ፤ ያኔ ቪዲዮውም ፎቶውም በአሮጌ ቲቪ ይከፈታል።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር ለብቻው ይነሣ። ከፊልሙ ጋር የአማርኛ ትርጉም ፋይል ተልኮ ቲቪው ላይ ሲበላሽ፣ የተበላሸበት ሁኔታ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ባዶ አራት ማዕዘኖች ከሆኑ ፋይሉ ደህና ነው፤ ቲቪው ውስጥ የግእዝ ፊደል የለም። የጥያቄ ምልክቶች ከሆኑ ፋይሉን ያስቀመጠው ሰው በኖትፓድ የግእዝን ፊደል በማይይዘው «አንሲ» አስቀምጦታል፤ ፊደሎቹ ጠፍተዋል፣ አይመለሱም፣ ዋናውን ፈልጉ። ነጥብና ጭረት የበዛባቸው እንግዳ የላቲን ፊደሎች ከሆኑ ደግሞ ፋይሉ የግእዝን ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ ነው፣ ቲቪው ግን እንደዚያ አላነበበውም፤ የሰብታይትል ኢንኮዲንግ ምርጫ ካለው ቀይሩለት። ፊደሉ ለሌለው ቲቪ ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ያንን የወቀስኩትን ሚራካስት መጠቀም ነው፤ ጽሑፉን የሚስለው ስልኩ ስለሆነ አማርኛው ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌላው በሃንድብሬክ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ማተም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የምስሉ አካል ስለሆነ የቲቪው ፊደል አያስፈልግም።

የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች፣ የእናንተ ደርሷል።

ፕሌይስቴሽን 3 ለዚህ ሥራ ዛሬም ይጠቅማል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ «ሚዲያ ሰርቨር ኮኔክሽን» ገብታችሁ «ኢኔብልድ» በሉት። ስልኩ ላይ የባብል ዩፒኤንፒን ሚዲያ ሰርቨር አብሩ። ከዚያ ፒኤስ 3 ላይ በቪዲዮው ዓምድ «ሰርች ፎር ሚዲያ ሰርቨርስ» በሉ። ልብ በሉ፦ ፒኤስ 3 ራሱ ሄዶ ይወስዳል እንጂ ከስልክ ሲገፉለት አይቀበልም፤ ስለዚህ «የት ይጫወት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ፈልጋችሁ አጣነው አትበሉ፣ ፊልሙን የምትመርጡት በጆይስቲኩ ነው። ኤምኬቪ የሚባለውን የፋይል ዓይነት አይከፍትም፤ ኤምፒ 4 እና ዲቪክስ ኤቪአይ ይከፍታል። ዋይፋዩ የድሮው ዓይነት ስለሆነ በስም 54 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር ከግማሽ በታች፤ ከቻላችሁ ገመድ ስኩበት። ከፍላሽ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፦ ፒኤስ 3 የሚያነበው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ሲሆን እሱ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ በኔትወርክ ሲመጣ ይህ ገደብ የለበትም።

ፒኤስ 4 ላይ «ሚዲያ ፕሌየር» የሚባለውን ነፃ አፕ ከስቶሩ ማውረድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ግን የግቢው መንገድ ይበቃዋል። ኤምኬቪን ይከፍታል፣ ኤችኢቪሲን ግን አይፈታም። የመጀመሪያው ወፍራሙ ፒኤስ 4 ዋይፋዩ 2.4 ብቻ ነው፤ ስሊሙና ፕሮው 5 ጊጋኸርዝም አላቸው። ፒኤስ 5 ዲኤልኤንኤ አልተሰጠውም፤ ፍላሽ ግን ያነባል። ዩቲዩብን በተመለከተ አፑ ያላቸው ሁሉ ከስልክ ይታዘዛሉ፦ ኮንሶሉ ላይ ከሴቲንግ «ሊንክ ዊዝ ቲቪ ኮድ» በሉና ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገቡ። ከዚያ ሂሳቡ የሁለተኛው መንገድ ሂሳብ መሆኑን አትርሱ፤ የሚበላው የእናንተ ፓኬጅ ነው። ኤክስቦክስ ዋን ያለው ካለ «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» የሚለውን አፕ ይጫንበት፤ የሚራካስት ተቀባይ ያደርገዋል።

እዚያው ፕሌይስቴሽን ቤት ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ተግባሩ እንግባ። ዋይፋያችሁ ላይ የገባ ደንበኛ ሁሉ ቲቪያችሁን ያየዋል። ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንድ ልጅ ከጥግ ሆኖ ዩቲዩብ ቢልክባችሁ ብልሽት አይደለም፤ በሩን የከፈታችሁለት እናንተ ናችሁ። ለደንበኛ የእንግዳውን ዋይፋይ ስጡ፤ ያ ቅድም እንደ ችግር ያነሣሁት አይሶሌሽን እዚህ ጠባቂያችሁ ነው። ቲቪውን፣ ኮንሶሉንና የራሳችሁን ስልክ በዋናው ላይ አስቀሩ። ሚራካስት ግን ራውተሩን ስለማይጠይቅ በዚህ አይታገድም፤ ቲቪው ላይ አዲስ ስልክ በመጣ ቁጥር ፒን ወይም ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጉት።

ያመጣችሁትን ስልክ አውጡ። የዚህ ራውተር ፓስወርድ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ኢንተርኔቱ እንደተነቀለ ነው፣ አልመልሰውም።